ሽቅብ የመጣ ሰው

ሞተር ፈታትቼ፣ እጄ ዘይት ጠጥቶ፣
ብሎን ስፈልግ ነው፣ ከአሸዋው ላይ ጠፍቶ፣
ከወደቡ በር ላይ አንድ ባጃጅ ቆሞ
አንድ ረጅም ሰው ወረደ ደክሞ፤
ጥላው ከእሱ ቀድሞ
መጥቶ ከመፍቻዬ ጎን ላይ ተጋድሞ።

«ያ ይርሳዊ!» አለኝ።
እንዲህ ብሎ ሚጠራኝ የለም በዚህ አገር።
ቀና ሳልል አወቅሁት፤ ድምፅ አያረጅ ነገር።

በክሪ!
የባሕሪው በክሪ፣ የካርቱም በያጁ፣
ያለውን አንድ መነጽር ለእኔ ሰጥቶ፣
ዓይኑን ጨፍኖ የበየደ በእጁ።

ሃያ ሁለት ዓመቴ፤ ሌሊት ተሻገርኩኝ በመተማ በኩል፣
ወረቀት አልያዝኩም፤ ልቤ እዚያ እኩል፣ እዚህ እኩል።
ፖሊስ ክንዴን ይዞ «ማነው?» ሲል በቁጣ፣
በክሪ እሳቱን ትቶ እየሮጠ መጣ፦
«አኹይ! ወንድሜ ነው፤ የእናቴ መጨረሻ።»
ፖሊሱ እሱን አየ፣ እኔን አየ፣ ሳቀ፣ ሄደ።
ውሸቱ ግልጽ ነበር፤
ግን ሰባት ዓመት ወለደ።

ይርሳው ያለኝ አባቴ ነው፣
ከእኔ በፊት የሞተ ልጁን ሊረሳ፤
የሱ ሙት ግን ከባሕሪ፣ ከቆርቆሮ ክምር፣
አረብኛ እያወራ ተነሣ።

ማታ ማታ ታዲያ ከወንዙ ዳር ደርሰን፣
እግራችንን ነክረን፣ ፉል በዳቦ ጠቅሰን፣
«ይኼ ውሃ ከእኛ ቤት ነው» እለው ነበር፣ «ከጣና፤
የእናቴ እጣቢ ነው፤ አመስግን፣ ጠጣና!»
እሱም፦ «ቆይ፣ አንድ ቀን ተከትዬው እወጣለሁ፤
ለጠጣሁት እጣቢ እናትህን ካሣ እጠይቃለሁ።»

ወጣ።
እንደ ቀልዱ ሳይሆን፤ ቤት ነዶ፣ ሰፈር ሸሽቶ፣
እኔ በሌሊት በወረድኩበት እሱ በቀን ወጥቶ።
ሻንጣ የለው፤ አንድ ቁልፍ ብቻ፣ የብየዳ ቤቱ፤
በሩን ነቅለውታል፤
እኔና እሱ ነበርን የበየድነው ብረቱ።

አምባዛ አዘዝኩለት፣ ሚጥሚጣው በጎን።
ስለ ልጆቹ ጠየቅሁት፤ የሁለቱን ስም ጠራ፤
እኔ የማውቀው ሦስት ነበር፤ አልቆጠርኩም ከእሱ ጋራ።
«እናትህስ?» አለኝ፤ «ካሣዬን ነው ልቀበል የመጣሁት።»
ዓሣው ቀዘቀዘ።
«ስድስት ዓመት ሆናት» አልኩት።

እሾህ ስንለቅም ቆየን፣ እሱም እኔም፣
የሚበላ እንደሌለ እያወቅን፤
ሌላ ሥራ የለም።

«ውሰደኝ» አለ በኋላ፣ «ወንዙ ከሚጀምርበት።»
ሞተሩ እንደተፈታ ነው፤ በእግር ወረድን ወደ ጨረጨራ፣
ዘምባባው ሲያልቅ፣ ደንገሉ ሲጀምር፣
እምቦጩን በጫማው ጫፍ እየገፋ።
አንድ ታንኳ አለፈ፣ እንጨት ጭኖ።

«ይኸው ነው?»
«ይኸው ነው።»
«ድምፅ የለውም እኮ።»
የለውም። እዚህ ገና ልጅ ነው፤
ጩኸት የሚለምደው ከጢስ ዓባይ ወዲያ ነው፤
እናንተ ዘንድ ሲደርስ ደክሞታል።

ተንበረከከ። እጁን እስከ አንጓው ነከረ፣
ከንፈሩን ወደ ውሃው አስጠግቶ
ቀስ ብሎ፣ ረጅም ነገር ነገረ።
አረብኛ እሰማለሁ።
አልሰማሁም።
ጀርባዬን ሰጥቼ ታንኳውን ተከተልኩ በዓይኔ፣ እስኪጠፋ።

«ስንት ቀን ይፈጅበታል» አለኝ፣ «ባሕሪ ለመድረስ?»

ሰባት ዓመት ሙሉ ስለዚህ ወንዝ ስዋሽ
የማላውቀው አልነበረም፤
ዛሬ ግን፣ ጎርፍ አለ፣ ግድብ አለ፣
ከምን ያህል ጥልቀት ላይ ቃል እንደሚሰጥም
ማን ይነግረኛል?

«አሥራ ዘጠኝ» አልኩት፣
ያኔ ፖሊሱን እንዳናገረው፣ ረጋ ብዬ።

አየኝ። ማወቁን አወቅሁ።
«ዛሬ ሐሙስ ነው» አለ፣
እርጥብ እጁን ሳይጠርግ
ጣቶቹን አንድ በአንድ ማጠፍ ጀመረ።