አልተሰጠም

ድሬ ማታም አትበርድም፤ ግንቧ ቀን የጠጣውን
ሲተፋ ያመሻል ሙቀቱን።
የጣሪያው ማራገቢያ ከቆመ ወር አልፎታል፤
አስታማሚው በካርቶን በሽተኛውን ያራግባል።
የሁለት ሰዓቱን ክኒን በየስሙ ደርድሬ፣
ጎማው የሚንጫረር ጋሪ በክርኔ ገፍቼ፣ ዞሬ፣
አልጋ ሰባት ደረስኩ።

ዋይስ ሮብሌ። ሰባ አራት ዓመት። የልብ ድካም።
«አንቱ» ስለው ይቆጣል፤ ድሬ ላይ አንቱታ የለም።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በሽመንደፈር ሐዲድ ዳር፣
ፋኖስ አንስቶ ባቡር ያሳለፈ በሌሊት፣ በሐሩር፤
ዛሬ ሦስት ትራስ ተደግፎ ትንፋሽ በልመና ይስባል፤
«አቦ ሲስተር፣ አምፖሉን ማነው ቢጫ የቀባው?» ይላል።
«ዙሪያውን ቀለበት አለው። ግድግዳውም፣ ያንቺም ጋውን።»
ኩልሱም፣ ልጁ፣ ሳቀች፤ «ሙዝ አምሮት ነው መሰለኝ አሁን።»
እራቱ ግን እንዳለ ነው፤ ከትናንት ያቅለሸልሸዋል።

እኔ አልሳቅኩም።

ክኒኗ መዳፌ ላይ ናት፤ ከምስር ክክ ያነሰች፤
ስንቱን የዛለ ልብ ደግፋ ደረጃ ያስወጣች።
ግን እንግድነት አታውቅም፤ ከገባች ቶሎ አትወጣም፤
ኩላሊት ሲያረጅ ደሞ መሸኛ በሩን አይከፍትላትም፤
ትናንት ባደረችው ላይ የዛሬዋ ትደረባለች፤
ዲጎክሲን፣ ሳታንኳኳ፣ ደም ውስጥ ቤት ትሠራለች።
ላሲክስ ውሃውን ሲያስወጣ ፖታሲየሙን ካጠበው፣
ያኔ ደጋፊ ክንዷ ልቡን አንቆ ሊይዝ ነው።

ሲስተር ስንዱ፣ አስተማሪዬ፣ ጠመኔ ሰብራ፦ «ስሚኝ፤
ማደል ብቻ ከሆነ ሥራሽ፣ ከሱቅ በምን ትለያለሽ? ንገሪኝ።
ሳትሰጪ ቁጠሪ፤ ሰጥተሽም ዞረሽ እዪ።»

ማዳመጫዬን ከግራ ጡቱ ሥር አሳረፍኩ፤
ደቂቃዋን ሙሉ፣ ግማሹን ሳላባዛ፣ ጠበቅኩ።
ዱብ።
          ዱብ።
ዳገት ላይ እንደሚያመነታ፣ እንደዚያ እንደ ጥንቱ ባቡር።
አርባ ስድስት።
ስልሳ ነበር የኛ ድንበር።

ክኒኗን መለስኩ። «ይሰጥ» ከሚለው ፊርማ ጎን
በቀይ እስክሪብቶ ጻፍኩ፦ አልተሰጠም። ሰዓቱን፣
ምቱን፣ ቢጫውን፣ ስሜን።

ተረኛው ሐኪም በስልክ፣ ድካም ባፈነው ድምፅ፦ «ትዕዛዝ አለ፤ ስጪው።»
«አልሰጥም፣ ዶክተር። መጥተህ እየው።»
ዝምታ። ከዚያ ነጠላ ጫማው ኮሪደሩን ሲመታው።

ኩልሱም ግን ተነሳችብኝ፦ «ከመጋላ እስከ ሳቢያን
ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞሬ ያመጣሁትን
ላባቴ የነፈግሽው ለምንድን ነው?»
አፌ ውስጥ ያለው ቃል ሁሉ የደብተር ነው።
እሱ ነው የመለሰላት፣ ዐይኑን ጨፍኖ እንዳለ፤
«ቢጫ ታየኝ አልኳት፤ ፍሬን ያዘች። ተያት» አለ።

ደሙ ተቀዳ። ልቡ ወረቀት ላይ ተሣለ።
በየሰዓቱ ቆጠርኩ። አርባ ስምንት። አርባ አራት፤
ያኔ አትሮፒን ቀድቼ፣ ጉሮሮዬ ደርቆ፣ ቆምኩ ከራስጌው ካለበት።
ሊነጋ ሲል አምሳ ሁለት።

ጠዋት፣ ባጃጅ ውስጥ፣ የደቻቱን ድልድይ ስንሻገር፣
ፀሐይ ድንገት ወጥታ አሸዋውን፣ ግንቡን፣ የሾፌሩን ጆሮ ሳይቀር
ቢጫ ቀባችው።
ደንግጬ ጣቴን አንጓዬ ላይ አኖርኩና
ጀመርኩ መቁጠር።