ድንበርተኛ

ድንበርተኛዬ ነው ጫኔ የባንቴ ልጅ፣
ከቢቸና ወዲህ ማሳችን ደጅ ለደጅ።
አንድ ጥቁር አፈር፣ አንድ የጮቄ ዝናብ፣
መሐል የሚለየን ያባቶቻችን ካብ።
ባንቴ፣ ነፍሱን ይማር፣ ያን ካብ ሲደረድር
ጨረቃ ታየውም፣ ታግዘውም ነበር።

ሐምሌ ሲገባማ ሰው ጭቃ ለበሰ፤
የጫኔ ጋቢ ግን ጠብታ አልቀመሰ።
«እረስ» ብለው ጊዜ «አቦ ነው» ይለኛል፤
ሥላሴ፣ ሚካኤል እያለ ይቆጥራል።
ቅዱሳኑ በላይ ምን አርገውት ይሆን
የሚያሸክማቸው የገዛ እንቅልፉን!
በዓሉ ሲያልቅበት ጅብ ይመጣል ደግሞ፣
ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ መንገድ መሃል ቆሞ።
ጅቡን እስከ ዛሬ ያየው የለም፣ እሱም፤
ስሙን ያውቃል እንጂ ዱካውን አያውቅም።

«ጥቂት ልተኛ» ሲል ጥቂቷ ወለደች፤
ችጋር የምትባል ልጅ ምድጃው ዳር ዳኸች።
ካቡ በዚያ ሰሞን በጎርፍ ተናደ፤
የሙጃው ሥር ወዲህ፣ ወደ እኔ ነጎደ።

አንጓች መጣች ማታ ባዶ ቁና ይዛ፣
«ዘር አበድረኝ» አለች፣ ከደጄ ላይ ተክዛ።
ሰጠኋት። አልዋሽም፣ ስሰጥ ደስ ብሎኛል፤
ከሰው መብለጥ ማለት ከማር ይጣፍጣል።

ከዚያ ወዲያ ታዲያ ጧት ጧት እየወጣሁ
ከፍራሹ ካብ ላይ ቁጭ ማለት አመጣሁ።
አሜከላው ስንት ክንድ፣ ሙጃው የት ደረሰ፣
ከጫኔ ጎጆ ላይ ጭሱ መቼ ጨሰ፣
ይህን ስመረምር፣ ይህን ስተች ውዬ፣
«አይ የጫኔ ነገር! አይ ጉድ!» ብዬ ብዬ፣
አንድ ቀን ጉንዳን ነው ክንዴን የነከሰኝ፤
ጭኔ ላይ እንዳለ ታጥፎ፣ ቀሰቀሰኝ።

ቁልቁል ብመለከት ሰልፉ ካቡን አልፏል፣
ጭቃ ሹም የለበት፣ ዝም ብሎ ይሠራል።
ጤፉ የኔው ጤፍ ነው፣ ከካብ ሥር ያኖርኩት፣
«ነገ ልዝራው» እያልሁ ሳምንት ያሳደርኩት።
ዞሬ ማሳዬን ሳይ ድንበሩ ጠፍቶኛል፤
ያም ሙጃ፣ ይህም ሙጃ፣ ማን ከማን ይለያል?

ጫኔም ብቅ አለብኝ ሞፈር አንጠልጥሎ፣
ያ ነጭ ጋቢው ዛሬ መረሬውን መስሎ።
አንጓችም ከኋላ፣ ቁናዋን አቅፋ፣
ሰላም ብላኝ ሄደች፣ ቀና ብላ አልፋ።
እሱ ግን ቆም አለ፦

«ምነው ድንበርተኛ፣ እዚህ የቆየኸው?
መንገዱ ላይ ዛሬ ጅብ ነው ወይ ያየኸው?»