የጠፋው ጥቅል

ልጄ በስልኩ ውስጥ አውርዶ አመጣልኝ፤
«ያልከው ፊልም ይኸው» ብሎ ዘረጋልኝ።
መዳፍ በምታህል አንዲት መስታወት ላይ
ጉንዳን አክሎ መጣ ያ ታላቁ ሰላይ።

ያኔ ግን አራዳ፣ ጣሊያን ሠራሽ ቤቱ፣
ሸራው ይጠበው ነበር ለትከሻ ስፋቱ።
አጣናው ከላይ ነው፣ ብርሃን አፍላቂው፤
መምህር ዋሴ ከፊት፣ ቋንቋ አሻጋሪው፤
እንግሊዝኛ ሲያጥረው በጎንደርኛ ይሞላል፤
ሰላዩ አንድ ቃል ሲል፣ ዋሴ አንድ ምዕራፍ ይላል።

እውነቱን ልናገር፤ ዛሬ ላስተዋለው
ጉድለቱ ከተኩሱ ድምፅ የበዛ ነው።
በስድስት ጥይት ሠላሳ ሰው ጣለ፤
ጣቴን እያጠፍኩኝ ቆጠርኩ፤ አልጎደለ።
ባርኔጣው አልወደቀም፣ ከረባቱ አልዞረ፤
ሦስት ፎቅ ዘሎ እንኳ ጸጉሩ እንዳማረ አደረ።
ያቺን ባለ ቀይ ቀሚስ ስሟን ማን ጠየቀ?
ቁልፉን ከሰጠችው ሥራዋ አለቀ፤
ባቡር ጣቢያ ትቷት ሄደ፣ አልተመለሰም፤
ደራሲው ረስቷታል፤ እኔ አልረሳኋትም።
የምሥራቅ አገር ነው የተባለው ደግሞ
አንድ ገበያ ነው፣ አንድ ግመል ቆሞ፤
ያን ጥምጥም ያሠረ ቄስ አይቶ አያውቅም፤
በዚያማ የጎንደር ሕፃን አይሸወድም።

ሦስተኛው ጥቅል ግን ያኔ የለም፣ ጠፍቷል፤
አንዱ «አሥመራ» ይላል፣ አንዱ «መንገድ ቀርቷል»።
ሰላዩ ጉድጓድ ውስጥ ታስሮ፣ ውኃው ሲሞላ፣
አንገቱ ጋ ሲደርስ... ጨለማ! ከዚያ ኋላ
ደረቅ ሱፉን ለብሶ ወይን ይጎነጫል።
«እንዴት ወጣ?» ብሎ አዳራሹ ይንጫጫል።
ዋሴ ይነሣና ጉሮሮውን ጠርጎ
ክፍተቱን ይሞላል፣ በየሳምንቱ አድርጎ
ሌላ ሌላ መላ፤ አንድ ሰሞን ዘበኛው
የጡት ወንድሙ ነው፣ ገመዱን የፈታው፤
አንድ ሰሞን ደግሞ፣ ትንፋሹን ቆልፎ
ቀሃ ላይ የዋኘ፣ ከእኛ ጋር ተሰልፎ።

ጥቅሉ ዛሬ ተገኝቶ አየሁት፤ ወይ ጉዱ!
በእስክሪብቶ ነው ለካ፣ ግንብ በስቶ መሄዱ።
ምነው ጠፍቶ በቀረ፣ ዋሴስ ምነው በኖረ።

ቢሆንም
አንድ ቦታ አለችው፤ ተኩስ የለ፣ ሩጫ፤
ሁለት ወዳጆች ናቸው፣ ምሳ ላይ፣ ለብቻ።
አንዱ አንዱን ሸጦታል፤ እኛ ይህን አውቀን
ሙዚቃው ሲቆም፣ የማንኪያ ድምፅ ሰማን።
«ጨው አቀብለኝ» አለ፣ የተሸጠው ሰው፤
ሻጩ አነሣና፣ ፈገግ ብሎ ሰጠው።
እጁ አልተንቀጠቀጠ። ካሜራው ያን እጅ
ዝም ብሎ አየው፣ እንደሚያይ ወዳጅ።

ያን ምሽት ከፊታችን ላምባ ሻጩ ባዩ ነበር፤
ሹራቡ ክርኑ ላይ ያለቀ፣ ለሰው የሚቸገር።
ዘወር ብሎ ለወንድሜ፣ ለደረበ፣ ቆሎ ዘረጋለት፤
«እናትህስ?» አለው፤ «ጉንፋኑ ተሻላት?»
ብርሃኑ ከሸራው መጥቶ እጁ ላይ አረፈ፤
አየሁት። ሽንብራ አንዲት እንኳ አልረገፈ።

ሐሙስ፣ ከሰዓት እላፊ በኋላ፣ በራችን ተንኳኳ።
ደረበ ጫማውን ሳያስር ወጣ፤
ክሩ መሬት ሲጎተት፣ ደጁ ድረስ ሰማሁት።

ስም ያወጣ ይወቀው፤ ባዩ፣ እውነትም ባይ፤
ባርኔጣ የሌለው፣ ከጣሪያ የማይዘል ሰላይ።
ጆሮ ጠቢ እኛ ሠፈር መተኮስም አያውቅ፤
ላምባ ይሰፍርና ስለ እናት ይጠይቅ።
ያ ሁሉ ሽጉጥ፣ ያ ሁሉ መኪና
ሲዋሽ አምሽቶ፣ ሲዋሽ፣ ደከመና
ለአንድ ምሳ ያህል እውነቱን ተናገረ፤
እኔም ለዚያች ምሳ ስል አርባ ዓመት ፈለግሁት።

«ከአሥር ስንት ሰጠኸው?» አለኝ ልጄ ቸኩሎ።
«ለጨዋታው ሦስት» አልሁት። «ለጨው ግን አሥር።»

«የቱ ጨው?» አለኝ።
ያቺን ቦታ በጣቱ ገፍቶ
ወደ ተኩሱ አልፏት ኖሯል።