ለሀገር ልጅ ስንት ነው?

አጅማን፣ ከዓሣው ገበያ ጀርባ፣ በሁለት ጋራዥ መካከል፣
የሙንተሃ መጋረጃ ቤት ከፎቅ ጥላ ሥር ያጎነብሳል።
የሦስት ወር ኪራይ ተቆልሎባት፣ ደንበኛ ደጇን አይረግጥም፤
አላፊው ሁሉ ስልኩ ላይ ነው፣ ቀና ብሎ ጨርቅ አይመርጥም።

«ቪዲዮ ሥሪልኝ» አለችኝ፣ መርፌዋን ከከንፈሯ አውጥታ፣
«ሠላሳ ሰከንድ ብትሆን ነው፤ ያንቺ ሥራ መቼም ጨዋታ፤
ስልክ ማቅናት፣ መጫን፣ መልቀቅ… ታዲያ ለሀገር ልጅ ስንት ነው?»
«ሃምሳ ድርሃም» አለ አፌ።
እኔ አይደለሁም፣ አፌ ነው።

አውቀዋለሁ፤ ልማዱ ነው፤ ማንም ሳይለው ይቀንሳል፣
ገና ሳይከራከሩት ሻንጣውን ይዞ ይነሳል።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ደላላው ቢሮ፣ ነጭ ግድግዳ ሥር አቁመው፣
«አትሳቂ፣ ቀና በይ» ብለው፣ ፎቶዬን አንስተው፣ አትመው፣
ከሥሩ ቁመቴን፣ ኪሎዬን፣ ሃይማኖቴን ደረደሩ፣
ከሁሉ በታች ደሞዜን፤ እኔን ሳይጠይቁ ቆጠሩ።
ያ ወረቀት እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ውስጥ ታጥፎ አለ፤
ዋጋ ልናገር ስል ሁሌ፣ እሱ ቀድሞኝ «ስምንት መቶ» አለ።

ሐሙስ ሄድኩ። የሱቁ መብራት ጨርቁን ሬሳ ያስመስላል።
አጠፋሁት። «ምን ሆነሻል?» «ፀሐይ ልጠብቅ፣ ይሻላል።»
አሥር ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከጋራዡ መስታወት ነጥራ
ትገባለች፣ ለስድስት ደቂቃ፣ እንደ ባለዕዳ ተሰውራ።
ይህን ማንም አልነገረኝም። ሰባት ዓመት በሰው ማድ ቤት
ብርሃን ከየት የት እንደሚሄድ አጥንቻለሁ በአንድ መስኮት።

«ክፈቺው» ስላት ሙንተሃ በአንድ እጇ ገለጠችው፤
የቀለበቶቹን ሹክሹክታ ግን ኤሲዋ ዋጠችው።
ኤሲ አጥፍተን፣ በነሐሴ፣ አሥራ አንድ ጊዜ ደገምን፤
ላቧ ግንባሯ ላይ አበራ፤ እሱንም አላረምን።

ከዚያ ሦስት ሌሊት፣ ስድስት ሴት በምንተኛበት ክፍል፣
ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣ ሰከንድን ከሰከንድ ስከፍል፣
ከላይኛው አልጋ ዙበይዳ «ፍቅር ይዟታል» ብላ ሳቀች።
ይዞኝ ነበር፤ የያዘኝ አንዲት ክር ናት፣
ከመጋረጃው ጫፍ የወደቀች።
ሃምሳው ለዳታና ለአውቶቡስ በመጀመሪያው ቀን አለቀ፤
የቀረው ዕዳ ከዓይኔ ሥር በጥቁር ተለቀለቀ።

ለቀቅነው። በሳምንቱ አንዲት ሴት ከራስ አል ኸይማ ደወለች፤
«ያ የሚንሾካሾከው ጨርቅ… አሥራ አራት መስኮት አለኝ» አለች።
ሙንተሃ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጥላ፣ ስልኩን በትከሻዋ ይዛ
ዋጋዋን ስትጠራ ሰማኋት፣ ረግታ፣ እንደ ውሃ ቀዝቅዛ።
«በሜትር አላስከፍልም» አለችኝ ዘግታ፣ «በመስኮት ነው፤
ሰው ከኔ የሚገዛው ጨርቁን መሰለሽ? እንቅልፉን ነው።»

ከዚያ አየችኝ። ሃምሳውን ድርሃም አስታወሰች መሰለኝ፤
አላነሳችውም። እኔም አላነሳሁ። ከረክ ሻይ ገዛችልኝ።

ትናንት ማታ መልእክት መጣ፤ ሻርጃ መንዲ ቤት ያለው ሰው፤
«አጭር ናት፣ አንድ ደቂቃ። ላንቺ ቀላል ነው። ስንት ነው?»
ስምንት መቶ ጻፍኩ፤ ይህ የወረቀቱ ነው። አጠፋሁት።
ሺህ ሁለት መቶ ጻፍኩ፤ «ግን ለርስዎ» ብዬ አስከተልኩት።
«ግን»ን ፋቅኩ። «ለርስዎ»ንም። ቁጥሩ ብቻውን ቆመ፣
እንደዚያች ልጅ፣ ሳይስቅ፣ ቀና ብሎ፣ ነጩ ላይ ታተመ።

ላክሁ። ሁለት ጭረት። ሰማያዊ። ዙበይዳ ታንኮራፋለች።
ስልኬ «እየጻፈ ነው» ትላለች።
ታቆማለች።
ደግሞ ትላለች።