ሰባት ራስ አበባ

ሰባት ራስ አበባ፣ ሽንኩርት የመሰለ፣
ባሮጌ ጋዜጣ እንደተጠቀለለ፣
ከሽምብጥ ችግኝ ቤት ይዤ ገባሁ ማታ።
ሻጩ ቢያድግልኝ፣ አመሉ ዝምታ፣
«መቼ ልትከለው?» ብዬ ብጠይቀው
«እሱ ራሱ ያውቃል» አለኝ፤ ምን ልበለው?

ሠላሳ ዓመት ሙሉ በወደቡ በር ላይ
ትኬት ስቆርጥ ኖሬ፣ ሰዓት ሰዓት ሳይ፦
ሁለት ሰዓት ዘጌ፣ እሑድ ጎርጎራ ነው፤
ያረፈደ ሰው ግን ውሃ ነው የሚያየው።
እናም በነሐሴ፣ ሰው ሁሉ ሲተክል፣
እርምጃ ለክቼ፣ ሦስቱን እኩል በእኩል።

ጣና ሞልቶ ነበር። ደንገሉን አልፎት
ጓሮ ድረስ መጣ የእንቁራሪት ጩኸት።
መስከረም ላይ ቆፍሬ በጣቴ ብዳስስ
እንደ በሰበሰ ድንች፣ ሲነኩት የሚፈስ።

ጎረቤቴ ስንዱ፣ እምቦጭ ስትነቅል ውላ፣
እጇን ሳትታጠብ ባጥር ብቅ ብላ፣
«ውይ አንቺ!» አለችኝ፣ «ይሄማ ተኝቷል፤
በተኛ ሰው አፍ ላይ ማን ውሃ ይሞላል?
ዘጌ፣ ከቡናው ሥር፣ በራሱ ይበቅላል፤
ሰማይ ሲያጉረመርም ቀይ ኳሱን ይነፋል።
ለመቀስቀስ አይደል፣ ለማስተኛት ትከይ፤
አፈር ሲደርቅ አንጥፊ፣ ከዚያ ዞር በይ።»

በየካቲት፣ መሬት ሲሰነጣጠቅ፣
ሐይቁ ወደ ኋላ ሲሸሽ፣ ጭቃው ሲደርቅ፣
ማንም ምንም ነገር በማይተክልበት ቀን
ሌሎች ሦስት አወጣሁ፣ ጠራኋት ስንዱን።
የደረቀ እምቦጭ ከሥር አነጠፍን፣
ግማሽ ስንዝር ቆፍረን አንገቱን ገለጥን።
«እትዬ፣ በበጋ ሽንኩርት ይቀበራል?»
አለ የጀልባው ልጅ። ዝም አልኩት። ያልፋል።

ውሃ አላጠጣሁም። እጄ ይበላኝ ነበር፤
ባልዲ ማንሳት፣ ደግሞ ማስቀመጥ፣ መዞር።
መጋቢት እንዲሁ። ሚያዝያም ተጋመሰ።
አፈሩ ያው አፈር፣ ቅንጣት አልፈረሰ።

ከዚያ አንድ ሌሊት፣ ከቤዛዊት ማዶ
ነጎድጓድ ብቻውን አለፈ፣ ዝናብ ክዶ።
ጠዋት መስኮት ስከፍት፣ ከፋኖሱ ኋላ፣
ሰባተኛዋ ራስ፣ የረሳኋት ሌላ፣
ጋዜጣዋን ቀድዳ፣ አፈር ሳትቀምስ፣
ቀይ ጫፍ አውጥታለች፣ የጣት ጥፍር ድረስ።

ማን ነገራት ወሩን? ያቺው ጋዜጣዋ
የካቻምና ናት፣ ጠፍቷል እንኳ ቀኗ።

ነጠላዬን ጥዬ ሮጥኩኝ ወደ ጓሮ፤
ጉልበቴ እያመመኝ፣ መሬቱ ላይ ጆሮ።