ትልም

አዘዞ ላይ ክረምት ሲገባ፣
አራት ላም ያላት ሴት አፈር አታውቅም፤
የምታውቀው አዛባ።
ከበረቴ ይወጣል፣ በአጥሩ ይሾልካል፣
ባሻ ውበቴ ደጅ ሲደርስ ይተኛል፣
የደከመው ይመስል።
ከዚያ ዝናቡ ይቀሰቅሰዋል፤ ወደ ድማዛ ይወርዳል።

በበጋስ መላ አለው። በበጋ ጠፍጥፌ፣
በካቡ ላይ ለጥፌ፣
ኩበቱን በአህያ አስጭኜ ቅዳሜ ገበያ እልካለሁ።
በክረምት ግን እበት ብቻ፣ ዝናብ ብቻ፣
የባሻ እሮሮ ብቻ።

“አንጓች” አሉኝ፣ ጃንጥላቸውን እንደ ዱላ ተመርኩዘው፣
“ወተቱን ለከተማው ትሸጫለሽ፣
ይኸንን ግን ለእኔ በነፃ ትሰጫለሽ።”
ምን ይባላል? እውነት ነው።
ቀበሌም እውነት ነው አለ፤ ማህተም አደረገበት።

በሳምንቱ ብርቄ መጣች፣ ከልማት ጣቢያ፣
አንገቱ የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን አንጠልጥላ፣
አፉን በእርጥብ ጆንያ ሸፍና።
“ምንድን ነው?”
“ትል።”
“ምን ትል?”
“ቀይ ትል። እበት ይበላል።”
ባሌ ፈንቴ ከወተት ጣሳው ቀና ብሎ ሳቀ፦
“ምን ትል ይሆን እናትሽ፣
ትል ስትቀልቢ ብታይሽ!”

እኔ አልሳቅኩም፤ ግን አልወደድኩትም።
ትል ማለት ለእኔ፣
በቋንጣ ላይ የሚፈላ፣
ጎመን ውስጥ የሚያደባ፣
በመጨረሻም ባለቤቱን የሚበላ።

ቢሆንም ማህተም ማህተም ነው።
ከበረቱ ጀርባ የተሰነጠቀውን ገንዳ አዞርኩ፣
ገለባ አነጠፍኩ፣ የማለዳውን እበት ዘረገፍኩ፣
ትሎቹን ከላይ በተንኩ፣
እጄን በሳሙና ሦስቴ ታጠብኩ።

ሌሊት ባትሪ ይዤ ላያቸው ብወጣ፣
የገንዳው ጠርዝ ላይ ደረስኩባቸው፤ በሰልፍ፣
ወደ ባሻ ደጅ ሲጓዙ።
እበቱ ትኩስ ነበር፤ ያቃጥላል፤ ማን ነገረኝ?
ግማሾቹ እዚያው ደርቀው ቀሩ።
የተረፉትን አንድ በአንድ፣ በጣቴ፣
እንደ ምስር እየለቀምኩ፣
“ይቅርታ” ስል ሰማሁ ራሴን።
ለትል።

ከዚያ ወዲህ እበቱን ሁለት ሳምንት አበርዳለሁ፣
ገንፎ ለልጅ እንደሚበርድ።
እፍ አልልም እንጂ።

ኅዳር ላይ፣ ያ ሁሉ ሽታ የት ገባ?
ጥቁር፣ ልም፣ እንደ ተወቀጠ ተልባ።
ባሻ መጡ፤ ጎንበስ ብለው አሸተቱ፤ እንደገና አሸተቱ፤
የሚከሱት ነገር ቢያጡ ከፋቸው መሰለኝ።
“እስቲ ለጌሾዬ ትንሽ...”
“በኪሎ ነው፣ ባሻ።”
ሳቁ። ከፈሉም።

አባቴ ከዚህ በታች፣ አሁን ፎቁ ካለበት፣
ትልም የሚያወጣ ሰው ነበር፤
ቀጥ ያለ፣ መንገደኛ ቆሞ የሚያየው።
ከተማው ሰፋ፤ ካሳ ተቀበልን፤
በሬዎቹ ተሸጡ፤ ሞፈሩ ማገዶ ሆነ።
እሱ ሲሞት ከመሬታችን የደረሰን
መቃብሩ ላይ የበተንነው እፍኝ ነው።

ትናንት ጣቴን ገንዳው ውስጥ ሰደድኩ፦
ቀጭን ቀጭን መንገድ፣ ጠማማ፣
ያለ ጅራፍ፣ ያለ ቀንበር፣ ያለ ፉጨት የታረሰ።
ትልም ለካ ትልም አለው።
የአባቴን ያህል ቀጥ አይልም። ግን አፈር ነው፤
አራት ክንድ በሁለት፣
የእኔ፣ ማንም የማይከልለው።

ዛሬ ደመናው በጎርጎራ በኩል ጠቆረ።
ፈንቴ፣ ያ የሳቀው፣
ጆንያ ይዞ ወደ ገንዳው ሮጠ።
ላሞቹን ገና አላስገባም።