ሚሊጢን፣ ቱሉ ዲምቱ

ውሃ ከሄደ ዘጠነኛ ቀኑ ነው፤
ቢጫው ጀሪካን ተሰልፎ ሰዉን ይጠብቃል፣
ሰዉ ቦቴውን፣
ቦቴው ማንን እንደሚጠብቅ ማን ያውቃል።

ጋሽ መንክር ከሦስተኛ ፎቅ በነጠላ ጫማ ወረዱ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ጠመኔ የበላቸው፣
ጡረታ ቢወጡም ማስተማር ያልወጣላቸው።

«ሚሊጢን የምትባል ነበረች» አሉን፣
«አራት ወደብ ያላት የግሪክ ከተማ።
እዚያ ታሌስ የሚሉት ሰው
የሁሉ ነገር መነሻው ውሃ ነው አለ።»

ሰልፉ ዝም አለ።
ብሎኬት ተሸካሚዋ ሶሬቲ ግን፦
«እንግዲያ እኛ ገና አልተፈጠርንማ!»

ሳቁ ከብሎክ ብሎክ ዞረ።
ጋሽ መንክር መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣
ጎበዝ ተማሪ ሲያገኙ እንደሚያደርጉ።

«አናክሲማንደር፣ ተማሪው፣ አልተዋጠለትም።
መነሻው ስምም ዳርቻም የለው፤
ምድርም ምንም ላይ አልቆመችም፣ አለ፤
የምትወድቅበት ወገን ስለሌላት ብቻ አለች።»
የአራተኛ ፎቅ ሰዎች ቀና ብለው ቤታቸውን አዩ፣
ዕዳው ያላለቀ፣ ስንጥቁ በኖራ የተደፈነ።

«ሦስተኛውስ?» አለ ኦላና ጥበቃው።
«ሁሉም አየር ነው አለ።»
«እሱስ እዚሁ ኖሯል!
ሌሊት ቧንቧው ያፏጫል፣ ቆጣሪው ይዞራል፤
የጠጣነው አየር፣ ሒሳቡ የውሃ።»

ማታ መብራትም ሄደ። ከዋክብቱ ወጡ።
ጋሽ መንክር አንጋጠው፣ ጣታቸውን ዘርግተው፣
«ያውና የድቡ ጅራት…» ሲሉ
ለፍሳሽ ተቆፍሮ የተረሳ ቦይ ዋጣቸው።
ስልኬን አበራሁ። እጅ የሰጠቻቸው ሶሬቲ ናት፦
«የሰማዩን ያውቃሉ፣ የእግርዎን ሥር ግን…»
እዚያው ቦይ ውስጥ ሆነው ሳቁ፣ እስኪያስላቸው፦
«ለታሌስም አንዲት ገረድ እንዲህ አለችው ይባላል።
ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ዓመት የት ቆየሽ?»

አቧራቸውን እያራገፍኩ «ከተማዋስ?» አልኳቸው።
«ወንዙ ደለል አመጣባት።
ባሕሩ ሸሻት፣ በየዓመቱ፣ ቀስ ብሎ።
ዛሬ ወደቧ የጥጥ ማሳ ነው።»
ከብሎኮቹ ማዶ አየሁ፣
ጤፍ የነበረበት፣ አሁን ችካል የበቀለበት፣
ምንም አላልኩም።

ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ቧንቧው አስነጠሰ፣
ጉሮሮውን ጠረገ፣
ቀይ ውሃ ተፋ።
ከምድር ቤት የሶሬቲ ድምፅ፦
«ጋሽ መንክር! ይነሡ!
ታሌስ መጥቷል፣ ባልዲ ያውጡ!»